በአውቶማቲክ መኪና ድሪፍት ይቻላል?

የእህቴ ልጅ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ሦስት ወሩ ነው። ማታ ማታ ቪዲዮ ይልክልኛል። ይዘቱ ሁሌም አንድ ነው፤ ጭስ፣ የጎማ ጩኸት፣ በጎኑ የሚሄድ መኪና። ባለፈው ሳምንት ከቪዲዮው ሥር አንድ ጥያቄ ጨመረበት፦ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር በአውቶማቲክ ይሆናል?»

እቤት ያለችው መኪና የእናቱ ቪትዝ ናት። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ለመገመት አልተቸገርኩም።

እሱ ብቻም አይደለም። ስለ መኪና የሚያወሩ ልጆች መሃል ይሄ ጥያቄ ከተነሳ ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ ክርክሩ አያልቅም። አንዱ «ፍሪሲዮን ከሌለ ድሪፍት የለም» ይላል። ሌላው ስልኩን አውጥቶ አንድ አውቶማቲክ መኪና ሜዳ ላይ ጭሱን እያቦነነ ክብ ሲሠራ ያሳያል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ግን የሁለቱም እውነት ግማሽ ነው።

አጭሩ መልስ ይቻላል ነው። ረጅሙ ግን ይበልጥ ይጥማል።

ማስረጃ አለ?

አለ፣ ያውም የጊነስ። ዲሴምበር 2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ ግሪር በምትባል ከተማ፣ ዮሃን ሽዋርትዝ የተባለ አሽከርካሪ በውሃ በረጠበ ሜዳ ላይ ቢኤምደብሊው ኤም5 ይዞ ድሪፍት ጀመረ። ያቆመው 8 ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ከነዳ በኋላ ነው። 374 ኪሎ ሜትር በጎኑ ሄዷል። ከአዲስ አበባ ጅማ ከሚያደርሰው መንገድ ይበልጣል ማለት ነው።

ነዳጅ እንኳን ቆሞ አልቀዳም። ሌላ ኤም5 አጠገቡ ይመጣል። እሱም ጎን ለጎን እየተንሸራተተ ሳለ አንድ ሰው በመስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ፣ ቱቦውን ሰክቶ ይሞላለታል። ቪዲዮውን ሳይ የፈራሁት ለሹፌሩ ሳይሆን ለዚያ ሰውዬ ነበር።

ያ መኪና አውቶማቲክ ነው። 8 ማርሽ አለው፣ የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም። ያ የኤም5 ትውልድ በማኑዋል ጭራሽ አልተሠራም።

እዚህ ላይ ክርክሩ ሊዘጋ ይችል ነበር። ግን ኤም5 እና የእህቴ ቪትዝ የሚገናኙት ሁለቱም ሁለት ፔዳል ስላላቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ከካምቢዮው በፊት ሌላ ነገር ማየት አለብን።

ድሪፍት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ባለበት ቆሞ ጎማ ማጨስ ድሪፍት አይደለም። የእጅ ፍሬን ስቦ መኪናን ማሽከርከርም ብቻውን ድሪፍት አይባልም። ድሪፍት ማለት ኩርባ ላይ የኋላ ጎማዎች አስፋልቱን መቆንጠጥ ትተው ወደ ውጭ ሲሸሹ፣ ሹፌሩ ያንን መንሸራተት ሳያስቆመው፣ ሳያመልጠውም፣ ይዞት ሲሄድ ነው። መኪናው ወደ ግራ ይታጠፋል፤ መሪው ግን ወደ ቀኝ ተሰብሯል። ከውጭ የሚያይ ሰው ሹፌሩ የተሳሳተ ይመስለዋል።

ጨዋታው ቅርጽ የያዘው ጃፓን ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኩኒሚትሱ ታካሃሺ የተባለ ተወዳዳሪ ኩርባ ላይ በፍጥነት ገብቶ መኪናውን እያንሸራተተ በመውጣት ታወቀ። ይህን ያየ ኬይቺ ሱቺያ የተባለ ወጣት በጠመዝማዛ የተራራ መንገዶች ላይ ተለማመደው። በኋላ «የድሪፍት ንጉሥ» የሚል ስም ወጣለት። ከስሙ ጋር የማትለየው መኪና ቶዮታ ኤኢ86 ናት፤ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣች፣ ቀላል፣ ከኋላ የምትገፋ፣ ማኑዋል። «ድሪፍት ማለት ማኑዋል ነው» የሚለው እምነት ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደው ለዚህ ነው። በጊዜው የነበሩት አውቶማቲኮች ደግሞ 3 ወይም 4 ማርሽ ያላቸው፣ ነዳጅ ሲረገጥ አስበው አስበው የሚመልሱ ነበሩ። ወጣቶቹ ቢንቋቸው አይፈረድባቸውም።

የኋላ ጎማ ለምን ያመልጣል?

የአንድ ጎማ መሬት የመቆንጠጥ አቅም አንድ እንጀራ ነው እንበል። ማዕዱ ላይ ሁለት ተመጋቢዎች አሉ። አንዱ መታጠፍ ነው። ሌላው መገፋት ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ በእሱ ቦታ ፍሬን ይቀመጣል። ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ሁለቱም ጠግበው ይተርፋል። ኩርባ ላይ በፍጥነት ስትገቡ መታጠፉ ብዙውን ይቆርሳል። እዚያው ላይ ነዳጅ ከረገጣችሁ ገፊውም እጁን ይሰዳል። እንጀራው አይበቃም። ያኔ ጎማው ይለቃል።

ዝናብ ሲዘንብ እንጀራው ራሱ ያንሳል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ቪዲዮዎች እርጥብ ሜዳ ላይ የሚቀረጹት፤ በትንሽ ጉልበትም ይሆናል፣ ጎማም አይጨርስም።

ቁልፉ እንግዲህ ሞተሩ የሚገፋው የትኛውን ጎማ ነው የሚለው ላይ ነው። ሞተሩ የኋላዎቹን የሚገፋ ከሆነ ሹፌሩ በነዳጅ ፔዳል ብቻ የኋላውን እንጀራ ሊያስጨርስ ይችላል። የፊቶቹም ለመሪ ነፃ ይሆናሉ። ሞተሩ የፊቶቹን የሚስብ ከሆነ ግን መታጠፉም መገፋቱም ከአንድ ትሪ ላይ ይሻማሉ፤ የኋላዎቹ ጎማዎች ዝም ብለው የሚጎተቱ ጋሪ ናቸው። ነዳጅ በጨመራችሁ ቁጥር መኪናው አፍንጫውን ይዞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ ኋላው አይወጣም።

የእህቴ ቪትዝ የፊት ሳቢ ናት። የልጁ ጥያቄ ካምቢዮው ጋ ሳይደርስ እዚህ ጋ ተመልሷል። ማኑዋል ብትሆንም ያው ነበር።

ታዲያ ፍሪሲዮን ምን ያደርጋል?

በማኑዋል መኪና ፍሪሲዮን ማለት በሞተሩና በጎማው መሃል ያለ በር ነው። በእግራችሁ ትዘጉታላችሁ፣ ትከፍቱታላችሁ። ድሪፍት የሚያደርጉ ሰዎች በዚህ በር አንድ ዘዴ ይሠራሉ። ኩርባው ውስጥ ሆነው ነዳጅ እንደረገጡ ፍሪሲዮኑን ለቅጽበት ይረግጡና በድንገት ይለቁታል። በሩ በተዘጋበት ቅጽበት ሞተሩ ዙሩን ያጠራቅማል። ሲለቀቅ ያ ሁሉ ጉልበት በአንዴ የኋላ ጎማ ላይ ይወርዳል፤ ጎማውም ይለቃል። ደካማ ሞተር ላለው መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኤኢ86 ጉልበቷ ብዙ አልነበረም።

አውቶማቲክ ላይ ይህ በር የለም። በቦታው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል ዕቃ ተቀምጧል። ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አስቀምጡ። አንዱን ብቻ ሶኬት ላይ ሰኩት። ነፋሱ ያልተሰካውንም ማዞር ይጀምራል። ቶርክ ኮንቨርተር ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በነፋስ ፈንታ ዘይት መሆኑ ነው። ሞተሩ አንደኛውን ያዞራል፣ ዘይቱ ሁለተኛውን ይገፋል፣ ሁለተኛው ካምቢዮውን ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ነው አውቶማቲክ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቆሞ የማይጠፋው፣ ጉልበቱም ለስለስ ብሎ የሚመጣው።

ለስላሳነቱ ለሚያሽከረክር ሰው ደስ ይላል። ለድሪፍት ግን ጎማውን በድንገት የሚመታ ጉልበት ነው የሚፈለገው። ስለዚህ አውቶማቲክ የያዘ ሰው አንድ መሣሪያ ይጎድለዋል። አንድ ብቻ ነው ግን። በነዳጅ ብዛት ኋላውን ማስወጣት፣ የእጅ ፍሬን ሳብ አድርጎ መልቀቅ፣ መጀመሪያ ወደ ተቃራኒ ወዝወዝ አድርጎ የመኪናውን ክብደት መወርወር፣ እነዚህ ሁሉ ፍሪሲዮን አይጠይቁም። ሞተሩ ጉልበታም ከሆነ ፍሪሲዮኑ ጭራሽ ትዝም አይልም። የኤም5 ሞተር 600 የፈረስ ጉልበት አለው።

ዲ ላይ አድርጎ ቢሞከርስ?

ይህን በመላምት ሳይሆን ጎኔን ተመትቼ ነው የማውቀው። ከዓመታት በፊት አንድ ጓደኛዬ ከኋላ የሚገፋ አሮጌ አውቶማቲክ ነበረችው። ሰፊ ባዶ ግቢ፣ ዝናብ ያቆመበት ከሰዓት፣ ሁለታችንም ዕድሜያችንን የማይመጥን ስሜት ውስጥ ነን። ማርሹ ዲ ላይ ነው። ወደ ግራ ታጠፈ፣ ነዳጅ ረገጠ፣ ኋላው ወጣ። መሪውን ወደ ቀኝ ሰበረው። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት ሰከንድ፣ ውብ ነበር። ሞተሩ እየጮኸ ነው።

ከዚያ ድምፁ በድንገት ወረደ። ካምቢዮው «ዙሩ በዛ» ብሎ ማርሽ ጨምሯል። ዙሩ ሲወርድ የኋላ ጎማው ቀስ አለ፤ ቀስ ሲል መልሶ አስፋልት ያዘ። መሪው ግን አሁንም ወደ ቀኝ እንደተሰበረ ነው። ኋላው ሲይዝ መኪናዋ መሪው ወደሚያይበት ተወረወረች። እኔ በሩ ላይ ተለጠፍኩ። ስንቆም አፍንጫዋ ወደመጣንበት ዞሯል፣ አንድ ጎማ ጭቃ ውስጥ ነው። ጓደኛዬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ «ማነው የቀየረው?» አለ።

ጥያቄው ከቀልድ ያለፈ ነው። ዲ ላይ ያለ ካምቢዮ የሚሠራው ለነዳጅ ቁጠባና ለምቾት ነው። በጎኑ እየሄዳችሁ መሆኑን አያውቅም። ነዳጅ ላላ ስታደርጉ ማርሽ ይጨምራል፤ ስትረግጡ ይቀንሳል። ድሪፍት ደግሞ ነዳጁን ላላና ጠበቅ በማድረግ የሚኖር ነገር ነው። ሁለታችሁ እየተጎተታችሁ መኪናው መሃል ላይ ይቀራል።

መፍትሔው ማርሹን አንድ ቦታ ማሰር ነው። አሮጌዎቹ ላይ በማርሽ ዘንጉ 2 ወይም ኤል የሚል ቦታ አለ። አዳዲሶቹ ላይ መደመርና መቀነስ ምልክት ያለው ማኑዋል ሞድ፣ ወይም መሪው ሥር ያሉ ቅጠል የመሳሰሉ መቀየሪያዎች አሉ። ግን ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ መኪናዎች ማኑዋል ሞድ ላይም ሆነው ዙሩ ጣሪያ ሲነካ ራሳቸው ማርሽ ይጨምራሉ። የታዘዙትን ማርሽ እስከመጨረሻው ይዘው የሚቆዩት በአብዛኛው ለስፖርት የተሠሩት ናቸው።

አውቶማቲክ ሁሉ አንድ ነው?

አይደለም። እስካሁን ያወራነው ቶርክ ኮንቨርተር ስላለው ነው። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ዓይነት ማርሽ ሲቀይር እጅግ ፈጣን ነው፤ ፍሪሲዮኖቹን የሚረግጠው ግን ኮምፒውተር እንጂ እግር አይደለም። ሦስተኛው ሲቪቲ ነው። ብዙ ቪትዞች ላይ ያለው ይኸው ነው። ማርሽ የለውም፤ በሁለት ሰፋና ጠበብ በሚሉ ፑሊዎች መሃል የሚሮጥ የብረት ቀበቶ ነው። ለከተማ ትራፊክና ለነዳጅ ወጪ ተስማሚ ነው። ቀበቶው የሚኖረው ሳይንሸራተት ተጨብጦ በመያዙ ነው፤ ጎማ ለቅቆ በድንገት ሲይዝ የሚመጣው ምት ለእሱ መርዝ ነው።

ኮምፒውተሩ ይፈቅዳል?

ዳሽቦርድ ላይ ቢጫ መብራት አለ፤ ትንሽ መኪና ከኋላዋ ሁለት የተወላገዱ መስመሮች ያሉባት። የእሷ ባለቤት መኪናው ከመሪው አቅጣጫ ውጭ መሽከርከሩን የሚከታተል ሥርዓት ነው። ኋላው ሲያመልጥ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፣ አንዱን ጎማ ለይቶ ፍሬን ይይዛል፣ መኪናውን መስመር ያስገባል። ይህን ሁሉ ሹፌሩ «ውይ» ሳይል ይጨርሳል። አሜሪካ ከ2012 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ በሁሉም አዲስ የቤት መኪና ላይ ግዴታ አድርጋዋለች፤ አውሮፓም በ2014 እ.ኤ.አ. ተከትላለች።

ብዙ ሰው «መኪናዬ አውቶማቲክ ስለሆነች ድሪፍት እምቢ አለች» የሚለው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው። እምቢ ያለው ካምቢዮው አይደለም፣ ይሄ ሥርዓት ነው። ማኑዋል ላይም ያው እምቢ ይላል። ማጥፊያ ቁልፉን አንዴ ተጭኖ ጠፍቷል ማለትም አይቻልም፤ ብዙ መኪና ላይ የሚጠፋው ግማሹ ብቻ ነው። በእኔ ግምት አስፋልት ላይ ለሚነዳ ሰው ያቺ ቁልፍ ባትኖርም አይጎዳም።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፤ ዲፈረንሻል። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዕቃ ነው። ተራው ዓይነት ጉልበቱን በቀላሉ ወደሚዞረው ጎማ ይልካል። ስለዚህ አንዱ ጎማ ብቻ ሲያጨስ ሌላው ዝም ይላል፤ ድሪፍቱም ተጀምሮ ይሞታል። የድሪፍት ሰዎች ከካምቢዮ በፊት የሚቀይሩት ይህንን ነው፤ ሁለቱን ጎማ አብሮ የሚያስር ዓይነት ያስገባሉ፣ ወይም ያለውን ይበይዱታል።

ከሳዑዲና ከሌሎች የገልፍ አገሮች የሚመጡት ቪዲዮዎችስ? እነዚያ የፊት ሳቢ አውቶማቲኮች አይደሉም እንዴ?

ብዙዎቹ ናቸው። ሳዑዲ የኖረ ሰው «ተፍሒጥ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ቤተሰብ የሚነዳው ተራ አውቶማቲክ መኪና ሰፊ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ይወረወራል፤ በመሪና በእጅ ፍሬን በጎኑ ይንሸራተታል፣ ይዞራል። ከላይ ባለው ትርጉም ከሄድን ይህ ድሪፍት አይደለም። ሹፌሩ ኋላውን በነዳጅ አልያዘውም፤ ወርውሮት ነው። አንዴ ከተወረወረ በኋላ የት እንደሚቆም የሚወስነው ፍጥነቱ ነው፤ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ካለ ደግሞ ዕድሉ። ብዙ ሰው ሞቶበታል። ሳዑዲ ለመጀመሪያ ጥፋት 20 ሺህ ሪያል ቅጣት የጣለችውና መኪናውን 15 ቀን የምትይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሲደገም ቅጣቱ ይጨምራል።

ካምቢዮውን ይጎዳዋል?

ይጎዳዋል፣ በሙቀት። ያ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ዘይት በተንሸራተተ ቁጥር ይግላል። ለተለመደ መንዳት የራሱ ማቀዝቀዣ ይበቃዋል። ለድሪፍት አይበቃም። አንድ መካኒክ የካምቢዮ ዘይት መለኪያዋን መዝዞ ነጭ ጨርቅ ላይ ጠረግ ሲያደርግ አይታችሁ ከሆነ፣ ጤነኛው ዘይት እንደ ከርከዴ ቀላ ያለ ነው። የተቃጠለው ቡና ይመስላል፤ ሽታውም እንደተረሳ ድስት ነው። ያን ሽታ ያሸተተ መካኒክ ብዙ አያወራም፤ «እስቲ ቁጭ በል» ይላል፣ ከዚያ ዋጋ ይነግራችኋል።

ከዚህም የባሰው ማርሹን ኤን ላይ አድርጎ ሞተሩን አስጩኾ በድንገት ዲ ላይ መጣል ነው። ፍሪሲዮን የመምታትን ዘዴ ለመኮረጅ የሚሞክሩ አሉ። በአንዴም ሊሰብረው ይችላል።

ኤሌክትሪክ መኪናስ?

ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ጥያቄው ለእኛም ቅርብ ነው። አብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና የሚቀያየር ማርሽ የለውም። ፍሪሲዮንም፣ ቶርክ ኮንቨርተርም የለም። የጓደኛዬን መኪና ያበላሸው ድንገተኛ የማርሽ ለውጥ እዚህ አይከሰትም፤ ጉልበቱም እግር እንዳረፈ ይመጣል። በኖቬምበር 2020 ጀርመን ሆከንሃይም አጠገብ አንድ ፖርሼ ታይካን 42.171 ኪሎ ሜትር ያለማቋረጥ ድሪፍት አድርጎ የጊነስ መዝገብ ገብቷል። ለእኛ አገር አንባቢ ቁጥሩ የተለየ ነው፤ ማራቶን ሊሞላ 24 ሜትር ነው የቀረው።

አዲስ አበባ ላይ በብዛት ከሚታዩት መካከል ፎልክስዋገን አይዲ 4 ባለ አንድ ሞተሩ ከኋላ የሚገፋ ነው። እና ይቻላል ማለት ነው? እዚያ መኪና ላይ ኮምፒውተሩ እንደ ቁጡ እናት ነው። ጉልበቱም ከኋላ ነው፣ ማርሽም አይረብሽም፤ ግን አይፈቅድልህም።

ሳይታሰብ ኋላው ቢያመልጥስ?

ለብዙዎቻችን የሚጠቅመው ይሄ ነው። ከወራት ድርቅ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ ከከባዱ ክረምት ይልቅ ያዳልጣል፤ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው አቧራና ዘይት ከውሃው ጋር ተደባልቆ ሳሙና ይሆናል። ኋላው ሲሸሽ ነዳጁን ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ፍሬን አትደብድቡ። ዓይናችሁ መሄድ ወደምትፈልጉበት ይሁን፤ እጅ ዓይንን ይከተላል። መሪውን ወደዚያው አዙሩት፤ መኪናው መመለስ ሲጀምር እናንተም መልሱት። ማርሽ አትነካኩ። ይህ በአውቶማቲክም በማኑዋልም አንድ ነው።

ይህን ሁሉ አሳጥሬ ለእህቴ ልጅ በድምፅ ላክሁለት። ቪትዟ የፊት ሳቢ ናት፣ ካምቢዮዋ ቀበቶ ነው፣ እናትህ ደግሞ ጋራዥ ዋጋ ታውቃለች አልኩት። ሳልጠየቅ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ አዲስ አበባ «ዲኤክስ» የሚላት አሮጌዋ ኮሮላ ከኋላ የምትገፋ ማኑዋል መሆኗን፣ የኤኢ86ም ታላቅ እህት መሆኗን። ሰማያዊና ነጯ ላዳ ታክሲም ከኋላ ነው የምትገፋው። ያቺን ባልጨምር ይሻል ነበር።

ከደቂቃ በኋላ መለሰ፦ «እሺ ጋሼ። ጎረቤታችን አባባ ዲኤክስ አላቸው አይደል?»